ሩጫ ያወፍራልን?

የናይሮቢ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች መንገዱን ሳያጨናንቁት፣ በካሩራ ደን ቀይ አፈር ላይና በንጎንግ መንገድ ዳር የሚሮጡ ሰዎች ይታያሉ። ኬንያን በዓለም ያስጠሩት ሯጮች አብዛኞቹ የሚለማመዱት ከከተማይቱ ርቆ በኤልዶሬትና በኢተን ደጋ ነው፤ የናይሮቢው የማለዳ ሯጭ ግን ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ፣ ነጋዴ ወይም ተማሪ ነው። የሚሮጠውም በአመዛኙ ሜዳልያ ለማግኘት ሳይሆን ውፍረቱን ለመቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የናይሮቢ ማራቶን ሲቃረብ ደግሞ ብዙዎች የሚሮጡትን ርቀት ይጨምራሉ። ታዲያ አንዳንዶች ያልጠበቁት ነገር የሚገጥማቸው በዚህ ጊዜ ነው፤ ርቀቱ ሲጨምር ክብደታቸውም ይጨምራል።

በዚያች ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ወዳጄ ይህ ደርሶበታል። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረውን ወደ 40 ከፍ አደረገ። በአራተኛው ሳምንት ጥቂት ሽልንግ ከፍሎ ከመንገድ ዳር ሚዛን ላይ ቢወጣ፣ 70 ኪሎ የነበረው ሰው 72 ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያ የጠረጠረው ሚዛኑን ነበር፤ ሌላ ሚዛን ላይም ቢወጣ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ምሳ መብላቱን ትቶ በሻይ ብቻ መዋል ጀመረ። በእኔ አስተያየት ወዳጄ የተሳሳተው ርቀቱን በመጨመሩ አይደለም፤ ስሕተቱ ምሳውን መተዉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንጀራ፣ ከኡጋሊ ወይም ከቻፓቲ የምናገኘው ኃይል ሰጪ ምግብ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይከማቻል። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሲከማች ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሩጫ የለመደ ጡንቻ ካልለመደው የበለጠ ስንቅ ይይዛል፤ ስለዚህ ስንቁ በ200 ግራም ቢጨምር ከነውሃው 800 ግራም ይሆናል ማለት ነው። በዚህም አያበቃም። ርቀት ሲጨመር የደም ፈሳሽ ክፍል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበዛል፤ ባልለመደው ሥራ የተጎዳ ጡንቻም እስኪጠገን ድረስ ውሃ ይቋጥራል። ሚዛን ይህን ሁሉ ከስብ ለይቶ አያውቅም። በወዳጄ ላይ የታየው ሁለት ኪሎ በአመዛኙ ሰውነቱ ለአዲሱ ሥራ የሰነቀው ስንቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በውሃ ላይ ማላከክ ተገቢ አይደለም፤ ገበታችንም የሚጠየቅበት ነገር አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያወጣው ኃይል 70 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዟል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስብ ለማቃጠል 110 ኪሎ ሜትር መሮጥ ያስፈልጋል። ወዳጄ የጨመረው በሳምንት 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ለቀን ሲካፈል 250 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ግማሽ ሊትር ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን ከ200 በላይ ይሰጣል። ከሩጫ መልስ «ደክሜአለሁና ይገባኛል» ተብሎ የሚበላው ቻፓቲና ስኳር የበዛበት የወተት ሻይ፣ የተሮጠውን ሁሉ መልሶ ሊተካው ይችላል። የቀረውን ቀን ከድካም የተነሣ ተቀምጦ የሚያሳልፍም ብዙ ነው።

ሰውነትም ራሱ ቆጣቢ ነው። በሰሜን ታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ አድነውና ሥራ ሥር ቆፍረው የሚኖሩ የሐድዛ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እነዚህ ሰዎች ብዙ መንገድ ሲጓዙ ቢውሉም፣ የሰውነታቸው መጠን ሲታሰብ በቀን የሚያወጡት ኃይል በአሜሪካና በአውሮፓ ተቀምጠው ከሚሠሩ ሰዎች እምብዛም አይለይም። በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ፣ «ብዙ ከሮጥህ ትከሳለህ» የሚለው ምክር ብቻውን የማያስተማምን ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

«ሚዛን አይዋሽም» የሚሉኝ አይጠፉም። አዎን፣ አይዋሽም፤ ግን ሚዛን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ወገብ በመለኪያ ክር ቢለካ፣ የጧት የልብ ምት ቢቆጠር፣ ያው 5 ኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቢታይ የበለጠ ይነግረናል። ሁለት ሦስት ወር አልፎ ክብደትም ወገብም አብረው እየጨመሩ ቢሄዱ፣ ያን ጊዜ የምንበላውን መመርመር ይገባል። እግር ቢያብጥና ትንፋሽ ቢያጥር ግን ነገሩ የሐኪም እንጂ የሚዛን ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በዚህች ሁለት ኪሎ ደንግጦ ምግብ የሚቀንሰው ወጣት ነው። ርቀት እየጨመሩ ምግብ መቀነስ ሰውነትን ከሁለት ወገን መዝረፍ ነው። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለዚሁ የኃይል እጥረት አስጠንቅቀዋል፤ አጥንት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃልም፤ በልጃገረዶች ላይ የወር አበባ ይቋረጣል፤ በሽታን የመቋቋም ችሎታም ይደክማል። ሴቶች ልጆች ስለ መልካቸው ከወንዶቹ ይልቅ ብዙ አስተያየት ስለሚሰነዘርባቸው፣ ቀድመው የሚጎዱት እነርሱ ይመስሉኛል። ወዳጄ የተወው ምግብ ደግሞ ታላላቆቹ ሯጮች የሚተማመኑበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት 10 የታወቁ የኬንያ ሯጮችን ለሰባት ቀን ተከታትሎ፣ ከምግባቸው ከሚያገኙት ኃይል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከኡጋሊ፣ ከስኳርና ከመሳሰሉት ኃይል ሰጪ ምግቦች መሆኑን አረጋግጧል።

ወዳጄ ምሳውን መልሶ መብላት የጀመረው ከሦስት ሳምንት ራስ ምታትና የጉልበት መድከም በኋላ ነበር። ለስላሳ መጠጡን ተወ፤ ሩጫውን ግን አልቀነሰም። በጥቅምት ወር የ21 ኪሎ ሜትሩን ውድድር ሳያቋርጥ ፈጸመ። ክብደቱ ያን ጊዜ 71 ኪሎ ነበር።