የላይብረሪው ቁልፍ ክረምቱን የት ነው የሚያድረው?

ሰኔ አለቀ፣ ካርድ ተሰጠ፣ ልጆቹም ተበተኑ። እንደ ወትሮው በመዝጊያው ዕለት ተማሪ ፊት ቆመን «ክረምቱን በማንበብ አሳልፉ» ብለን መክረናል። በማግስቱ ላይብረሪውን ቆልፈን ሄድን። እስቲ ይሄ ምክር ነው ወይስ ፌዝ?

የማንንም ስም አልጠራም፣ ሰውም አልከስም። ያየሁትን ግን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከገጠር ቀበሌ መጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ እያመላለሰች የምትማር ልጅ ናት። በመጨረሻው ሳምንት መጥታ «ቲቸር፣ ለክረምት ሁለት መጽሐፍ ያስውሱኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ይዣት ወደ ላይብረሪ ሄድኩ። «መስከረም ላይ ትምጣ» ተባልን።

ተቆጣሁ። ሰውየው ግን ዝም ብሎ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። መጽሐፉ ሁሉ በሱ ስም ነው የተመዘገበው። አንድ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። ስንት ተማሪ አስነበብክ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ስንት መጽሐፍ ጎደለ የሚል ቆጠራ ግን በየዓመቱ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አስነባቢ መሆን የነበረበትን ሰው ንብረት ጠባቂ አደረግነው። አይጥ ለበላው መጽሐፍ ማንም አይጠየቅም፣ ተማሪ ወስዶ ለጠፋው ግን ይጠየቃል። እንዲህ ባለ ሕግ ውስጥ የሚያሸንፈው ሁሌም አይጡ ነው።

«ክረምት እኮ የሥራ ጊዜ ነው፣ ልጁ አረም ላይ ነው፣ ከብት ይጠብቃል» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ግን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከማንም በላይ ጊዜ አለው። የሌለው መጽሐፍ ነው። «ሞባይል አለ፣ ፒዲኤፍ አለ» የምትሉም ኔትወርኩንና መብራቱን እኔ ሳልሆን እናንተ ታውቁታላችሁ። ደግሞስ ስንቱ የገጠር ልጅ ነው ስማርት ስልክ ያለው?

ሁለተኛው ጥፋት የእኛ የመምህራን ነው፣ ራሴንም ጨምሬ። ተማሪው የራሱን ጥያቄ ይዞ ላይብረሪ እንዲገባ አላስተማርነውም። ሰሌዳ ሙሉ ኖት እንጽፋለን፣ እሱ ይገለብጣል። ግሩፕ ዎርክ እንሰጣለን፣ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ማርክ ይሞላል፣ በቃ።

አንድ ጊዜ «ሁላችሁም የራሳችሁን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፣ መልሱንም ራሳችሁ ፈልጉ» አልኳቸው። አንዱ «ከደባርቅ ሊማሊሞን ስንወርድ ለምንድን ነው የሚሞቀን?» ብሎ መጣ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት 6.5 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ለፈተና ሸምድዶታል። ከሊማሊሞ ጋር ግን አገናኝቶት አያውቅም! ሌላዋ ደግሞ «የሰሜን ተራሮች ፓርክ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ለምን ገባ፣ እንዴትስ ወጣ?» አለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ገብቶ በ2017 መውጣቱን እስክታገኝ ድረስ ስንት ሰው ጠየቀች መሰላችሁ። ያን ሳምንት ማንም ከማንም አልገለበጠም። ጥያቄው የየራሳቸው ነዋ!

ይሄን የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉ ካላችሁ አገራችሁን አታውቁም። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ ገልብጦ የራሴ ነው ቢል መሳቂያ ይሆናል። ጎንደሬ ሆነን ይሄን ረስተን ኩረጃን ለመድን።

የለመድነው ምን እንዳመጣ ሁላችሁም አይታችኋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። በዚህ ላይ ኮሮና፣ በዚህ ላይ ጦርነት። የእኛ ልጆች ያጡትን የትምህርት ቀን ማን ይቆጥርላቸዋል? እና እነዚህ ልጆች ፊት ሁለት ወር ሙሉ በር እንዘጋለን?

አንድ የላይብረሪ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ማየት ይበቃል። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ሠርቶም ሐዋሳ ላይ መጽሐፉን ወደ ልጆቹ ወሰደው። አህያ እኛም ጋ ሞልቷል። የጎደለን ፈቃድ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ሲዘጋ እያንዳንዱ ተማሪ በወላጁ ፊርማ ሁለት መጽሐፍ ይውሰድ። ክረምቱን በገበያ ቀን ግማሽ ቀን ላይብረሪው ይከፈት፣ የገጠሩም ልጅ ያን ቀን ከተማ ስለሚመጣ። ለዚያ ሰዓት አስነባቢው አበል ይከፈለው። በአንባቢ እጅ ለሚጠፋና ለሚያረጅ መጽሐፍም በየዓመቱ የታወቀ መጠን ይፈቀድ፣ ከሰው ደመወዝ አይቆረጥ። ተማሪው ደግሞ መስከረም ሲመጣ አንድ የራሱን ጥያቄና ያገኘውን መልስ ይዞ ይምጣ። ከመጽሐፍም ይሁን ከሽማግሌ ያግኘው፣ ግድ የለም።

ያቺ ልጅ መስከረም ላይ አልተመለሰችም። በመጽሐፍ ማጣት ነው አልልም፣ ምክንያቱን አላውቅም። ግን ባዶ እጇን ነበር የሸኘናት፣ ይሄን አልረሳውም።

ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ያነበባችሁትን አንድ አንድ መጽሐፍ ላኩ። በቦርዱ፣ በወላጅ ኮሚቴው፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ ደግሞ ለአስነባቢው ዋስትና ስጡት። በሩን ራሱ ይከፍተዋል።

በሐሳቤ የማትስማሙ ኮሜንት ላይ እንነጋገር፣ ስድብ ግን ይቅርብን።