ኮለኑን ምን እናድርገው?

ሮቤ የሚኖር አንድ ወዳጄ ለካፌ የተከራያትን ክፍል ሊያሳየኝ ወሰደኝ። በሁለት ሕንፃዎች መካከል በተረፈች ቁራሽ መሬት ላይ የተሠራች ናት፤ ከበሩ ላይ 4 ሜትር ትሰፋና እየጠበበች ሄዳ ኋላ 1 ሜትር ከ70 ላይ ታልቃለች። መሀሏ ላይ ኮለን ተገትሯል። (በዓምዴ ላይ ስለ ዓምድ መጻፌ ነው፤ ግንበኞቹ ግን «ኮለን» ይሉታልና እንደነሱ ልበል።)

«ይሄ ኮለን ነው ያበላሸብኝ» አለ፣ በቡጢ እየደለቀው።

ዕቅዱ ስልኩ ላይ አለ። ሁሉም የአዲስ አበባ ካፌ ፎቶ ነው፦ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ ረጅም ባንኮኒ፣ ትልልቅ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የፓሪሱ የኤፍል ማማ። ቡናው ከሐረና ጫካ ተነሥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ሳነቴን አቋርጦ፣ በጎባ በኩል ወርዶ ለሚደርሰው ሰው ፓሪስ ምኑ ናት? ይህን ዋጥ አድርጌ ስለ ሶፋው ብቻ ጠየቅሁት። አንዱ ሶፋ ወደ ኋላው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈጃል። ሁለቱ በጠባቡ በኩል ፊት ለፊት ቢቀመጡ ለጉልበት የሚተርፈው 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለጠበበ ቤት የምናውቀው መላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው የፒያሳው ቶሞካ ደንበኛውን በረጃጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አቁሞ ያጠጣል፤ ማንም ቅር ሲለው አላየሁም። ሮቤ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውርጭ በሚወርድባቸው ወራት ሰው ካፌ የሚገባው ከብርድ ሸሽቶ ነው፤ ጋቢውን እንደለበሰ ቁም ቢሉት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

መፍትሔውን ያመጡት ጀበና እንዲያፈሉ የተቀጠሩት እናት ናቸው። ረከቦታቸውን ይዘው ገቡ፣ ክፍሏን አንድ ጊዜ ቃኙ፣ ከዚያ ዱካቸውን ኮለኑ ሥር አድርገው ጀርባቸውን ለበሩ፣ ፊታቸውን ለጠባቡ ጥግ ሰጥተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚህ በሩ ሲከፈት ነፋሱ አያገኘኝም። ስኒውንም ሳልነሣ አቀብላለሁ።»

ወዳጄ ዝም አለ። እኔ ግን ጎጆ ቤት ትዝ አለኝ። ክብ ነው፤ ጥግ የለውም፤ መሀሉ ላይ ምሰሶ አለ፣ ሰውም እሳቱን ከቦ ይቀመጣል። ምሰሶውን አበላሸብኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ስኒውን ማቀበሉም ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ቡናው ከጅምሩ ከቆላው ያነሰ ትኩሳት ይዞ ይወጣል፣ በብርዱ ውስጥ አምስት እርምጃ ከተጓዘ ደግሞ ለብ ብሎ ይደርሳል። ስለዚህ ከኮለኑ ወዲያ በሁለቱም ግድግዳ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት አግዳሚ ብቻ ይሁን አልን። ጠባቡ ጫፍ ላይ እንኳ 1 ሜትር ይተርፋል። ከኮለኑ ወዲህ፣ በሰፊው በር በኩል፣ የማኪያቶው ማሽን ይቆማል፤ የጎባን ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው እዚያው ቆሞ ጠጥቶ ይሮጣል። ቶሞካም ቦታ አገኘ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ያርፋል፣ ጀበናው ይቀጥላል።

በአንድ ነገር ግን ተጨቃጨቅን። ወዳጄ ሙቀቱ እንዳይወጣ ክፍሏን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ይፈልጋል። ከሰል ጭሱ ቢያልቅም መርዙ አያልቅም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲል ሰው ብርዱ ለቀቀኝ ብሎ ያስባል። በደጋው አገር እሳት አስገብቶ በር መዝጋት ልማዳችን ስለሆነ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግሁት። በመጨረሻ ጠባቡ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር፣ የማይዘጋ መስኮት እንዲወጣ ተስማማን። ከበሩ ሥር የሚገባው አየር ከሰሉን አልፎ በዚያ ይወጣል።

ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አግዳሚዎቹ ሞልተው ነበር። ኮለኑ ዙሪያ ጣውላ ተመትቶለት የስኒ መደርደሪያ ሆኗል። ኤፍልም ቀርቷል። ጂፕሰሙን ግን መስከረም ላይ አሠራዋለሁ ብሏል።