ለአውራጃዎች የሚታሰበው ልማት ከየት ይነሣል?

ኋላ ለቀረው የአገሬ ክፍል አላስብም የሚል መንግሥት እስከ ዛሬ አላየንም። ሁሉም ያስባል፤ ሁሉም ዕቅድ ያወጣል። እኛን የሚያሳስበን አሳቡ ከየት ተነሥቶ በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ከዋናው ከተማ ውጭ ተወልደን ለትምህርት የመጣን ብዙዎች ስለሆንን፣ ነገሩ ለፈተና ተጠንቶ የሚረሳ ጉዳይ አይደለም።

መምህራን በዚህ ርእስ አዘውትረው የሚጠቅሱት የኢጣልያን ደቡብ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር። (የኢጣልያን ዘመን በአውሮፓ፣ የአገራችንን በአገራችን አቈጣጠር እንጽፋለን።) የኢጣልያ መንግሥት በ1950 «የደቡብ ካዝና» የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ለዐሥር ዓመት የሚሆን አንድ ሺህ ቢሊዮን ሊሬ መደበለት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገንዘቡ ለመንገድ፣ ለመጠጥ ውሃ፣ ለመስኖና ረግረጉን ለማድረቅ ዋለ። ይህ በጎ ሥራ ነበር፤ የሚያቃልለው ቢኖር ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። በ1957 ግን ፊቱ ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች ዞረ። የመንግሥት ኩባንያዎች ከአዲሱ መዋዕለ ንዋያቸው ከመቶ 60 እጁን በደቡብ እንዲያውሉ በሕግ ታዘዙ፤ በ1965ም በታራንቶ ከተማ ታላቁ የብረት ፋብሪካ ተመረቀ።

ፋብሪካው ለብዙ ሺህ ሠራተኞች እንጀራ መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን ማዕድኑና ከሰሉ ከባሕር ማዶ በመርከብ ይመጣሉ፤ ውሳኔው ከሌላ ከተማ ይመጣል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው አነስተኛ የእጅ ባለሙያ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ኢጣልያኖቹ ራሳቸው እንዲህ ያለውን ሥራ «በምድረ በዳ የቆመ ካቴድራል» ብለው ሰየሙት። በ2012ም ከፋብሪካው የሚወጣው ጢስና አቧራ የአካባቢውን ሰው እየጐዳ ነው ተብሎ ምድጃዎቹ እንዲያዙ ዳኛ አዘዘ። በካላብርያ በጆያ ታውሮ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ለሌላ ብረት ፋብሪካ ሲባል የብርቱካንና የወይራው ተክል ተነቅሎ፣ ፋብሪካው ሳይሠራ ቀረ። በሰሜንና በደቡብ መካከል ያለው የገቢ ልዩነት እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ጠበብ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቆመ። ካዝናው በ1984 ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት ስንትና ስንት ደቡባዊ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሚላኖና ወደ ቶሪኖ ሄደ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው መንግሥት እጁን ይሰብስብ፤ ገበያው ይሥራው» ይላሉ። ከእነሱ ጋር አንስማማም። ያንን ሁሉ ሰው ወደ ሰሜን የሳበው ገበያው እኮ ነው። በደቡብ የሠመረው ሥራ ደግሞ መንግሥት የሠራው ውሃና መንገድ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያገኘው፣ አጥር የሌለው ነገር።

ወደ አገራችን ስንመለስ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን እናገኛለን። ወንዙን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መምራት በወረቀት ላይ ያማረ አሳብ ነበር። ጥጥ ተዘራ፤ ሸንኮራ አገዳ ለመለመ፤ የውጭ ኩባንያዎችም ሰፊ መሬት ያዙ። ዕቅድ አውጪዎቹ እንደ ባዶ የቈጠሩት የወንዝ ዳር ግን ለአፋሩ አርብቶ አደር ዝናብ ሲጠፋ ከብቱን የሚያወርድበት የበጋ ግጦሽ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ያ መሸሻ በእርሻ ተይዞ ነበርና ከብትም ሰውም አለቀ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንዲህ ላለው ልማት ነው።

የጭላሎው ነገር ግን ይለያል፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን ልንመለከተው ይገባል። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተጀመረው «ካዱ» የተባለው የልማት ሥራ አነሣሡ ከከተማ ሳይሆን ከገበሬው ማሳ ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የተዳቀለች ላም፤ ይህ ሁሉ ትንሽ መሬት ላለው ሰው የታሰበ ነው። ሰብሉም ጨመረ። ሰብሉ ሲጨምር መሬቱ ተፈላጊ ሆነ፤ መሬቱ ተፈላጊ ሲሆን ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ። የካዱ ሰዎች ይህን አይተው ጮኸዋል፤ ሆኖም የጭሰኛና የባለመሬት ሕግ የሚወጣው አሰላ ላይ ሳይሆን አዲስ አበባ፣ ያውም ባለርስቶች በሞሉበት ፓርላማ ነበር። ሕጉም ሳይጸድቅ ዘመኑ አለቀ። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ምርጥ ዘር መብት ለሌለው ሰው ሲሰጥ መፈናቀያው ሊሆን እንደሚችል ከጭላሎ የበለጠ የሚያስረዳ መጽሐፍ አላነበብንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በልማት ኋላ ለቀሩት ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ አዝዟል፤ የድጎማውንም ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። በጎ ነው። ነገር ግን የምንሰማው ክርክር ሁሉ ክልል ከክልል ስንት ደረሰው በሚለው ላይ ያልቃል። ገንዘቡ ክልሉ ከደረሰ በኋላ በከተማው አስፋልት ይቅር፣ ቀበሌ ይድረስ፣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከገጠር ለመጡ ወጣት ሴቶች ሥራ ከፍቷል፤ ደመወዙ ግን ለቤት ኪራይና ለምግብ የማይበቃቸው ብዙዎች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለአገራችን የሰጠችውን የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታነሣ፣ የእነዚህ ልጆች እንጀራ በዋሽንግተን ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ታየ። ታራንቶ ለካ ሩቅ አይደለም!

ይህን ስንጽፍ ከእኛ መካከል ተመርቆ ዋናው ከተማ ወንበር ለማግኘት የማይመኝ ስንት እንዳለ እናውቃለን። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ ያጉረመረመም፣ ተለውጦ የተመለሰም ነበር። ያ ሥርዓት ይመለስ አይመለስ ሌላ ክርክር ነው። ለጊዜው የምንለምነው ትንሽ ነው። የምጣኔ ሀብት መምህሮቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲሰጡ የአንዲት ወረዳን የአንድ ዓመት በጀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተከታትሎ የሚጽፍ ተማሪ ይፍቀዱልን፤ ማኅበራችንም ጽሑፉን አባዝቶ ለዚያችው ወረዳ ሰዎች ይላክ።