በነሐሴ ነጭ ዓሣ አትግዙ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ ዓሣ እየፋቅሁና እየበለትሁ ልጆች አሳድጌያለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በእጄ ያለፈው ነጭ ዓሣ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ሆዱ ውስጥ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ገዢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያየዋል፤ እኛ አፉን አይተን እንለየዋለን። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፤ ከወለሉ እየለቀመ ይበላል። ሌላው አፈ ሰፊ፣ ሰውነቱም ረዘም ያለ ነው፤ አንጀቱን ስትከፍቱት ሙሉ ትንሽ ዓሣ ታገኛላችሁ። የሌላው አንጀት ደግሞ የቀንድ አውጣ ስባሪ ነው፤ ቢላው ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ጣታችሁን የየትኛውም ነጭ ዓሣ አፍ ውስጥ ብትከቱ አንድም ጥርስ አትነኩም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም። ጥርስ በሌለው አፍ ሌላ ዓሣ አሳድዶ መዋጥ በነጭ ዓሣ ዘመዶች ዘንድ ብርቅ ነው፤ ጣና ውስጥ ግን እንዲህ አድርገው የሚኖሩ አሉ።

ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ እንደነገረችኝ ምሁራኑ ላቢዮባርበስ ይሏቸዋል፤ ጣና ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ዝርያ ለይተዋል። አንዱ ስሙን ያገኘው ሐይቁ ዳር ካለችው ከጎርጎራ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ እዚሁ ለብቻቸው ኖሩ፤ መብሉን ተከፋፍለው ተለያዩ። እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅም ነበር። ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ገባበት፣ ያለ ልክም ተጠመደ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዚያ ሐይቅ ብቻ ከነበሩት 17 ዝርያዎች 15ቱ ከምድረ ገጽ መጥፋታቸው ተነገረ። ልጄ ይህን ስታነብልኝ ቢላዬን አስቀመጥሁ።

ክረምቱ ሲበረታ ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ከሐይቁ ተነሥተው ጉማራን፣ ርብንና መገጭን የመሰሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸው ጭቃ አይስማማውም፤ ንጹሕና ፈጣን ውኃ የሚያጥበው ጠጠር ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ ትናንሾቹ ገባር ወንዞች ድረስ ይዘልቃሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው እዚያ ነው። ከመረቡ ያመለጠውን ደግሞ ከወንዙ ላይኛው በኩል ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ የሚበትን ሰው ያገኘዋል፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

ነሐሴ ላይ አንዷን ስከፍት ሆዷ በእንቁላል ተወጥሮ፣ ሁለት መዳፌ አይዘውም ነበር። ፍልሰታ ነው፤ በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፣ የሚበላው ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሥጋውን መዝኜ እሰጠው፣ እንቁላሉን ለወፍ እጥለው ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ አደረግሁ!

ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ወንዝ ወጥቶ የሚራባው የጣና ነጭ ዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ እንደቀነሰ ተጠንቷል። ቆሮሶ የምንላት ሌላዋ የሐይቁ ዓሣ ትሻላለች፤ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ቶሎም ትደርሳለች። ነጭ ዓሣ ግን ለመጀመሪያ እንቁላሉ ዓመታት ይቆያል። ያንን ሁሉ ዓመት ጠብቆ ለአንድ ቀን መረብ ይሆናል።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ወንዝ አፍ ላይ ግን ዛሬም በነሐሴ መረብ ይዘረጋል። አጥማጁን አልወቅስም፤ ባለቤቴም አጥማጅ ነበር፣ መስከረም ሲጠባ የደብተር መግዣ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ወንዝ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን፤ አጥማጁም በዚያ ጊዜ ከወንዝ አፍ ርቆ ቆሮሶ ያጥምድ። መንግሥት ይህን ሲያስከብር የሚጎዳውን ሰው መደገፍ አለበት፤ ባዶ ክልከላ ሌሊት መረብ ያስጥላል እንጂ ዓሣ አያተርፍም።

እኔ ካለፈው ክረምት ወዲህ በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ አልቀበልም። ገቢዬ ቀንሷል። ደንበኞቼ ሆይ፣ በእነዚህ ሁለት ወራት ስትመጡ ቆሮሶ ጠይቁኝ።