እንጉርጉሮ ዘፈን አይደለም

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በየመን፣ አብያን ጠረፍ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ። በዚያ ሳምንት አንዲት አሠሪ ደውላ «አስተርጉሚልኝ» አለችኝ። ቤቷ የምትሠራው እህታችን የመንደሯ ልጆች ጀልባዋ ላይ እንደነበሩ ሰምታለች። ማዳሟን የገረማት ግን ሌላ ነው። «ሰው ሞቶባት ወጥ ቤት ገብታ ትዘፍናለች፤ ምን ነካት?»

ልጅቷን ጠየቅኋት። «እትዬ፣ አልዘፈንኩም። እያንጎራጎርኩ ነው» አለችኝ። እኔም ቸኩዬ «ጊናእ» ብዬ ተረጎምኩት፤ ዘፈን ማለት ነው። ዐረብኛ ተምሬ የተመረቅኩት ሴትዮ የማዳሟን ጥርጣሬ አጸናሁላት።

ስህተቴ የገባኝ ሁለቱም ዝም ሲሉ ነው። ቃሉ «ሪሳእ» ነበር፤ ለሞተ ሰው የሚደረደር ግጥም። በዚህ በዐረቦች ዘንድ ስሟ የገነነው አል ኸንሳእ ናት። የዛሬ 1,400 ዓመት ገደማ ለወንድሟ ለሰኽር እያለቀሰች የገጠመችውን ተማሪ ዛሬም ያጠናዋል። «እንደ ኸንሳእ ማለቴ ነው» ስላት የማዳሟ ድምፅ ተለወጠ።

እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ሙሾ አውራጇም ዝም ብላ አትጮኽም። የሟቹን ስም፣ ወገኑን፣ ደግነቱን ጠይቃ በግጥም ታነሳዋለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ያኔ ኀዘኑ የአንድ ቤት ብቻ መሆኑ ይቀራል። እናንተ ጋ ግን መርዶው በቲክቶክ ይመጣል፤ ሳህን እያጠባችሁ፣ ብቻችሁን። (አንዳንድ ቤተሰብማ «በሰው አገር ትጨነቃለች» ብሎ ጭራሽ ይደብቃል። አገር ስትገቡ ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራል።)

በኀዘን ጊዜ ዜማ ነውር ነው የምትሉ አላችሁ። ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ሃይማኖት ቢከለክል አልከራከርም። ግን የአስከሬን ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ ማየትስ ምን ይባላል? እንቅልፍ ይነሳል እንጂ እንባ አያወጣም። ከመካከላችሁ ብዙዎች የወሎ ልጆች ናችሁ። ባቲና አምባሰል የአገር ስም ብቻ አይደሉም፤ ሙዚቀኛ ሁሉ የሚያውቃቸው ቅኝቶች ናቸው። መንዙማውም አለ። ዕረፍት የሌላት በስልክ የድምፅ መልእክት ትላክ፤ ጓደኛዋ ትቀበላታለች።

አሠሪ «ምን ሆንሽ?» ካለች ደግሞ «ዒንዲ ዐዛ» በሏት፤ ለቅሶ አለብኝ ነው። ዐዛ ምን እንደሆነ በባሕረ ሰላጤው የማያውቅ ቤት የለም።

ያቺ እህት አርብ ዕለት ፈቃድ አገኘች። አራት ሆነው ተሰበሰቡ፤ አንደኛዋ ግጥም ታውቃለች። የልጆቹን ስም እንዳትዘለው ብላ በወረቀት ጽፋ ሄዳ ነበር።