ለአንጎበር የሚዋጠው ክኒን

ድሬዳዋ ላይ የጫቱ በርጫ ሲበተን ጨብሲ ይከተላል። ምርቃናን ለመስበር ተብሎ በቢራ የተጀመረው ብዙ ጊዜ በአረቄ ያልቃል። በማግስቱ ፀሐይዋ ሳትከርር አንድ ጎልማሳ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ የሱቅ መስኮት ይደገፋል። «ዳይክሎፌናክ አለ?» ሁለት ፍሬ ተቆርጦ ይሰጠዋል። ቁርስ አልቀመሰም፤ ውሃም አልጠጣ። እዚያው በትኩስ ሻይ ያወርደዋል።

ዝግጅት ክፍላችን ይህ ልማድ አደገኛ ነው፣ መቆምም አለበት ይላል።

ነገሩ የፕሮስታግላንዲን ነው። ሰውነታችን ይህን ንጥረ ነገር ከገዛ ቅባቱ ይሠራዋል፤ እንደ ሆርሞንም መልእክት ያደርሳል። ልዩነቱ ሩቅ አለመሄዱ ነው፤ በተሠራበት ሰፈር ተልእኮውን ፈጽሞ ወዲያው ይጠፋል። አልኮል ይህን ሥርዓት ያውካል፤ የአንጎበር ራስ ምታትም በከፊል ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሰው የፕሮስታግላንዲንን ምርት በመግታት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቅ ዘበኛም ነው። መጠጥ ሌሊቱን ሲያቆስለው ያደረ ጨጓራ፣ ጠዋት በክኒኑ ዘበኛውን ያጣል። ደም ማስታወክና እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከዚህ ይመጣሉ። ኩላሊትም አለ፦ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይመናመን የሚያግዘው ፕሮስታግላንዲን ነው። አልኮል ሽንት ያበዛል፤ የድሬ ሙቀት የተረፈውን በላብ ይጨርሰዋል። ክኒኑ የሚዋጠው በዚህ ድርቀት ላይ ነው። ወደ ፓራሲታሞል መዞርም ለዘወትር ጠጪ መፍትሔ አይሆንም፤ ጉበቱን ያሰጋዋል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ደግ አድርጓል። የዚያች የሱቅ መስኮት ጉዳይ ግን የድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮን ይጠብቃል። ክኒን ከሳሙናና ከብስኩት ጋር መሸጡ ይቁም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያም ከመሸጡ በፊት «ትናንት ጠጥተው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አዎ ከሆነ ውሃ፣ ምግብና እረፍት ይምከር፤ ሰገራው የጠቆረበትን ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይላክ።