የትንሽ ውሻዎ ዓይን ሲቀላ



በአገራችን ውሻ የበር ጠባቂ ነው፤ ዓይኑ ቢያነባ ልብ የሚለው የለም። እርግጥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሉሉን የምታስታውሱ አላችሁ። ስቶክሆልም ከገባን ወዲህ ግን፣ በልጆቻችን ልመና፣ በየቤታችን ሺትዙ፣ ፓግ ወይም ቺዋዋ ገብቷል። ስለነዚሁ ትናንሽ ውሾች ዓይን ጥቂት እናውጋ።

ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ዓይናቸው ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ የዓይናቸው ቆብም በደንብ አይገጥምም። ስለዚህ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጠጠር፣ የድመት ጥፍር፣ የራሳቸው የፊት ፀጉር ሳይቀር ከብሌኑ ፊት ያለውን መስታወት መሰል ሽፋን ይቧጭረዋል። ውሻው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በእግሩ ያሻዋል፣ ብርሃን ይሸሻል። እዚህ ላይ አደራ! ለሰው ታዞ ቤት የተረፈ ኮርቲሶን ያለበት ጠብታ እንዳትጨምሩበት። ቁስል ካለ ያብሰዋል፤ ዓይኑ እስከ መበሳት ይደርሳል። ሻዩም ጤናዳሙም ይቅር። ለማጠብ ከአፖቴክ የሚሸጠው የጨው ውሃ ይበቃል። ሐኪሙ አረንጓዴ ቀለም ጠብ አድርጎ ቁስሉን ወዲያው ያየዋል።

ብዙዎቻችን ጉንፋን ነው ብለን የምናልፈው ደግሞ የእንባ መድረቅ ነው። ዝልግልግ አይናር በየቀኑ ይጠረጋል፣ በነጋታው ይመለሳል፤ ወራት ያልፋሉ፣ ዓይኑም እየጠቆረ ይሄዳል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ቀጭን ወረቀት ለአንድ ደቂቃ ቆቡ ውስጥ ይደረጋል። ጤነኛ ዓይን 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያርሳል፤ ከ10 በታች ከሆነ ደርቋል። ሳይክሎስፖሪን የሚባለው መድኃኒት ይረዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

በቡችላ ዓይን ጥግ እንደ አተር ቀይ ነገር ብቅ ካለ እንባ የሚያመነጭ ዕጢ ነው። ተቆርጦ አይጣልም፤ ወደ ቦታው ተመልሶ ይሰፋል። ያረጀ ውሻ ዓይኑ ሰማያዊ ቢመስል ብዙ ጊዜ የዕድሜ ነው፣ ማየቱን አይከለክለውም። ነጭ ሆኖ ግድግዳ መግጨት ከጀመረ ሞራ ነው። ውሃ አብዝቶ ከጠጣና ቶሎ ቶሎ ከሸና ስኳሩም ይለካ።

ቀልቶ፣ ደመና ለብሶ፣ ተነፋፍቶ ካመመው ግን የዓይን ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ሰኞን መጠበቅ ዓይኑን ያሳጣል። ዓይኑ ከነጭራሹ ከጎድጓዳው ከወጣ (በፓግና በሺትዙ ይደርሳል) ገፍታችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፤ በጨው ውሃ በራሰ ንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሩጡ። የአንገት ማሰሪያም ዓይን ላይ ጫና ስለሚጨምር ደረት የሚይዘው ይሻላል።

የሌሊት ሕክምናው ኪስ ይጎዳል። ኢንሹራንስ አስቀድሞ የታወቀን በሽታ ስለማይከፍል ቡችላው ጤነኛ ሳለ ግቡለት። ስዊድንኛው ለሚከብዳችሁ እናቶችና አባቶች፣ ለእንስሳት ሆስፒታሉ ስትደውሉ «ሁንደን ሃር ኡንት ኢ ኧጋት፣ ዴት ኤር አኩት» ማለት ይበቃል፤ የውሻው ዓይን ታሟል፣ አስቸኳይ ነው ማለት ነው።